የአንድ ቀን ፈቃድ፣ ሃይፋ

የመርከባችን አለቃ ፈርሞ ሰጠኝ ወረቀት፣
"እስከ ምሽቱ አንድ" ይላል፣ ማኅተም ያለበት።
አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ከሞተር ጋር ከርሜ፣
ወለሉ ሲንቀጠቀጥ አብሬው ቆሜ፣
መሬት ብረግጥ ዛሬ፣ መሬት ቆሞ ሳለ
ጉልበቴ ብቻውን ማዕበል ተከተለ።

የወደቡን ዘበኛ ካርታ ለመንኩ፤ ሰጠኝ፤
በጣቱ ተራራውን አሳይቶ ሳቀብኝ።
"በእግር?" አለ። "በእግር" አልኩት እኔ።
ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ ነበር ከጎኔ፤
ግን ሰው ሞተር ጠግቦ፣ ጥርሱ እስኪነዝር፣
ምን ያደርግለታል በዕረፍቱም ሌላ ሞተር?

ዓርብ ነው። ዋዲ ኒስናስ ገበያው ሞልቷል፤
ዓሣ በበረዶ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።
"ቅመስ" አለኝ በምልክት የወይራ ሻጭ፤ ቀመስኩለት፤
ፊቴ ሲጨማደድ ጎረቤት ጠራለት።
ሁለቱም ሲስቁብኝ እኔም ሳቅኩ አብሬ፤
ፈላፍል በቂጣ ገዛሁ በዝርዝሬ፤
ታሂናው በክንዴ እየወረደ
እግሬ ወደ አቀበቱ ይዞኝ ሄደ።

ደረጃ። ደረጃ። ከደረጃው ላይ ደረጃ።
ካርታው ላይ ግን ቀጭን መስመር ነበር፣ እንጃ።
ግራና ቀኝ ግንብ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ድመት፤
ከአንዱ መስኮት ፒያኖ፣ የሕፃን ልጅ ጣት፣
ያንኑ ቦታ ስቶ፣ ያንኑ ደግሞ ስቶ፤
ቆሜ ጠበቅሁት እኔም፣ ትንፋሼ ጠፍቶ።
አልቀናውም። ወጣሁ።

መቶ አርባ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋኝ፤
ጫማዬ አዲስ ነው፣ ተረከዜን ፋቀኝ።
እዚያ ነው ያየሁት፦ መጥረጊያ የደገፈ፣
የሰበሰበው ቅጠል አጠገብ ያረፈ፣
ቢጫ ሰደርያ ለባሽ፣ ፂሙ ነጭ፣ አንድ አዛውንት፤
"ደከመህ?" አለኝ፣ በጎንደር አንደበት።

"መርከበኛ ነኝ" አልኩት፣ "የኢትዮጵያ መርከብ።"
ሳቀ፣ መጥረጊያው ወድቆ ዓይኑ በእንባ እስኪከበብ፤
"ባሕር የሌለው አገር! መርከብ! እስቲ ንገረኝ፣
በቅሎ የሌለው ሰው ኮርቻ ይገዛል?" አለኝ።

ይዛቸው ይባላል። ስለ ደረጃው ሳማርር
"ተው" አለ፣ "እኔ እኮ የመጣሁ በእግር።
ከወገራ ሱዳን፣ ሌሊት ሌሊት ስንጓዝ፣
ቀን ግራር ሥር ተኝተን፣ ጀምበር እስክትፈዝ፣
ደረጃ አልነበረም።" ከዚያ ዝም አለ፤
ከመጥረጊያው ጥርስ ውስጥ ቅጠል ነጠለ።
ቆይቶ፦ "ገዳሪፍ ላይ ታናሼ ትቀራለች።"
ትቀራለች ነው ያለው። አላለም ቀረች።

ምን ይባላል? እግዜር ያጥናህ አልልም፤
አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዝምታም አልችልም።
"መጌጭስ?" አለ እሱ፣ "ይሞላል አሁንም?"
ጎንደርን አላውቀውም፣ የአሰላ ልጅ ነኝ።
"ይሞላል" አልኩት። ውሸቱ ቀለለኝ።

ከአጥር ላይ ሁለት ሎሚ፣ ገና አረንጓዴ፣ ቆርጦ
"ለባሕር ሕመም" አለ ከኪሴ ውስጥ ሸጉጦ።
"ኤልያስ ዝናብ የጠበቀበት፣
ሎሌውን ወደ ባሕር ሰባቴ ያሳየበት
ይሄ ነው ተራራው። ውጣና እይልኝ፤
የኔ ጥርጊያ ከዚህ በላይ አያልፍም" አለኝ።

ወጣሁ። የወርቁ ጉልላት ከበታቼ ቀረ፣
የአትክልቱ እርከን በመቀስ የተሞሸረ፤
ፎቶ አንሺ ይጮኻል፣ ሙሽራ ቀሚሷን ይዛ፤
ባሕሩ ከግርጌ ተዘርግቷል፣ ደብዛዛ።
አንዴ አየሁ፦ ምንም። ሁለቴ አየሁ፦ ጭጋግ።
ሦስተኛውን ዘለልኩት፣ ተረከዜን ላሽግ።
ስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ከክሬኖቹ መካከል
የሰው እጅ የምታህል፣ ደመና ግን አይደል፤
መርከቤ ነበረች፣ ዝገቷ ሳይታይ፣
ሆዷ ውስጥ የኖርኩባት፣ ዛሬ ከላይ
ጥፍሬ የሚሸፍናት።
ሸፈንኳት። ገለጥኳት።

ስወርድ ይዛቸው የለም። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤
ደረጃው እስከ ድንበሩ ተጠርጎ ጠርቷል፤
ፒያኖውም ዝም ብሏል።

ሌሊት፣ ሞተር ክፍል፣ ሎሚው በቧንቧው ላይ ሞቀ፤
የዘይቱን ሽታ አልፎ መሰላሉን ዘለቀ።
"ምን አየህ?" አለ ገመቹ። "ደረጃ" አልኩና
"ጎንደር ዘመድ አለህ?" አልኩት እንደገና፤
"መጌጭ የሚባል ወንዝ፣ ዘንድሮ ሞልቷል?" ብዬ ጮኽሁ፤
ሞተሩ ተነሣ። ከንፈሩን ብቻ አያለሁ።